ፊቱ የፈረደበት ተዋናይ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። በጎልማሳነቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቪዲዮ ቤት እየገባሁ የካውቦይ ፊልም ማየት ልማዴ ነበር። ያን ጊዜ በተመልካቹ አነጋገር ደጉ ሰው «አክተሩ»፣ የክፉዎቹ አለቃ ደግሞ «ቦሱ» ነበር የሚባለው። ከቦሶቹ ሁሉ እስከ ዛሬ ከዓይነ ኅሊናዬ ያልጠፋው አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፍንጫው እንደ ጭልፊት ምንቃር የቆለመመ፣ ዓይኖቹ የጠበቡ፣ ፒፓውን እያጨሰ ሰው የሚገድል ተዋናይ ነው። ስሙን ግን ያን ጊዜም አላወቅሁትም፤ የተዋንያኑ ስም መውጣት ሲጀምር ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይሄድ ነበርና። በቅርቡ የልጅ ልጄ ያንኑ ፊልም በስልኩ ፈልጎ ቢያሳየኝ ከአንድ አብሮ አደግ ወዳጄ ጋር ክርክር ገጠምን። እሱ «እንዲህ ያለ ፊት በትወና አይመጣም፤ ሰውዬው በእውነተኛ ሕይወቱም ሽፍታ ነበር» ይላል፤ እኔ ደግሞ አይመስለኝም እላለሁ። በአንድ ኪሎ የዘጌ ቡና ተወራርደናል። ለመሆኑ ሰውየው ማን ነበር? ዕድሜውን ሙሉ ክፉ ሰው ብቻ ሲጫወት ኖረ ወይስ አንድ ጊዜም ቢሆን ደግ ሰው ሆኖ ታይቷል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ቡናው የእርስዎ ነው። የጠየቁን ተዋናይ ሊ ቫን ክሊፍ ይባላል፤ ሽፍትነቱም ከካሜራ ፊት አላለፈም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉልን። የተወለደው ጃንዋሪ 9 ቀን 1925 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሰመርቪል በተባለች ከተማ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ገብቶ ፈንጂ በምትጠርግ መርከብ ላይ አገልግሏል። ከጦርነቱ መልስ የያዘው እንጀራ የሒሳብ ሥራ ነበር። ወዳጅዎ ሽፍታ ነው ብለው የፈረዱበት ሰው ቀን ቀን ገቢና ወጪ ሲደምር ይውልና ማታ ማታ ከአካባቢው አማተር ተዋንያን ጋር ቲያትር ይለማመድ ነበር።

ወደ ፊልም የገባው በ1952 ነው። ከተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድን ጋር ሎስ አንጀለስ ሲጫወት ያየው ፕሮዲዩሰሩ ስታንሊ ክሬመር፣ ፍሬድ ዚነማን ባዘጋጀው «ሃይ ኑን» በተባለው ፊልም ውስጥ የምክትል ማርሻሉን ሚና ሊሰጠው አስቦ እንደነበር፣ ነገር ግን አስቀድሞ አፍንጫውን በቀዶ ጥገና እንዲያስተካክል እንደጠየቀውና እሱም እምቢ እንዳለ በሰፊው ይተረካል። ሚናው ለሎይድ ብሪጅስ ተሰጠ፤ ቫን ክሊፍ ደግሞ ባቡር ጣቢያ ቆመው አለቃቸውን ከሚጠብቁት ሦስት ወንበዴዎች አንዱ ሆነ። የፊልሙ ርእስ እኩለ ቀን ማለት ነው፤ ባቡሩ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ስለሆነ። ፊልሙ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ፊት የእሱ ነው፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ግን አንዲት ቃል እንኳ አይተነፍስም። ሀርሞኒካ ይነፋል፣ አተኩሮ ያያል፣ ይሞታል። ፊልሙ አራት የኦስካር ሽልማቶችን ሲያገኝ፣ ቫን ክሊፍ ያተረፈው ነገር ቢኖር ከዚያ በኋላ ሆሊዉድ ወንበዴ ባስፈለገው ቁጥር የሚታወስ ሰው መሆንን ነው።

የሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት ብዙ የሚያስተርኩ አይደሉም። በካውቦይ ፊልሞች፣ በከተማ ወንጀል ፊልሞች፣ በቴሌቪዥን ተከታታዮች ውስጥ የአለቃው አሽከር፣ ከአለቃው በፊት የሚሞት፣ ስሙን ተመልካች የማይዘው ሰው ሆኖ ታየ። በ1962 «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» በተባለው የጆን ፎርድ ፊልም ውስጥ እንኳ ክፉው ሊ ማርቪን ሲሆን፣ ቫን ክሊፍ ከኋላው የሚከተል ጀሌ ነበር። ከዚህ ሁሉ መካከል አንዱ ብቻ እንደ ቀልድም ቢሆን መነሣት ይገባዋል፤ ሮጀር ኮርማን በ1956 በጥቂት ገንዘብ በሠራው ፊልም ውስጥ ቫን ክሊፍ ከቬነስ ለመጣ ጭራቅ የሚያገለግል ሳይንቲስት ሆኖ ይጫወታል። ጭራቁ የተገለበጠ ካሮት ይመስላል። ተመልካች ሊስቅ ተዘጋጅቶ ሳለ ይህ ሰው ከካሮቱ ጋር በሬዲዮ ሲነጋገር አንድም ጊዜ ፊቱ አይፈታም፤ ነገሩን ሙሉ በሙሉ እንዳመነበት ሆኖ ይጫወተዋል። ፈረንጆቹ «ካልት» የሚሉት ፊልም፣ ማለትም ሃያስያን አጣጥለውት ወይም ገበያ ጠፍቶለት ሳለ ጥቂት ወዳጆቹ ለዓመታት እየደጋገሙ የሚያዩትና ቃሉን በቃላቸው የያዙት ፊልም፣ ብዙ ጊዜ ነፍስ የሚዘራበት እንዲህ ያለ ተዋናይ ነው ብለን እናምናለን። መሪ ተዋናዩ ለዝናው ሲጠነቀቅ ክፉውን የያዘው ሰው የሚጠነቀቅለት ዝና ስለሌለው ሥራውን ብቻ ይሠራል።

በ1958 ቫን ክሊፍን ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰበት። ጉልበቱ ክፉኛ ስለተጎዳ ከዚያ ወዲያ ፈረስ አይቀመጥም ተባለ፤ ከፈረስ የወረደ የካውቦይ ፊልም ወንበዴ ደግሞ ምን ሥራ ያገኛል? በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጥሪው እየሳሳ ሄደ። ወደ ሥዕልና ወደ ቤት ውስጥ ማስዋብ ሥራ ዞረ። አርባ ዓመት የሞላው፣ የሚያነክስ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ወንበዴ፤ የሙያ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የሚደነቅ ሰው አልነበረም።

በ1965 ጣሊያናዊው አዘጋጅ ሰርጂዮ ሊዮኔ ለሁለተኛው የካውቦይ ፊልሙ ከክሊንት ኢስትዉድ ጎን የሚቆም ሰው ይፈልግ ነበር። በመጀመሪያ ያሰበው ሊ ማርቪንን ቢሆንም ማርቪን ሌላ ፊልም ስለያዘ፣ በ«ሃይ ኑን» ያ ዝምተኛ ወንበዴ ትዝ አለው። መምህር፣ ለመጨረሻው ጥያቄዎ መልሱ እዚህ ላይ ይገኛል። ከረሳው ዓለም ጎትቶ ያወጣው ሚና የክፉ ሰው ሚና አልነበረም። በ«ለጥቂት ተጨማሪ ዶላሮች» ውስጥ ኮሎኔል ሞርቲመር የሚባል፣ ከጦር ሠራዊት የወጣ ጎልማሳ ሆኖ ይጫወታል። ተመልካቹ ያን አፍንጫና እነዚያን ዓይኖች ስላየ ክፋቱን እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፤ ፍጻሜው ላይ ግን ኮሎኔሉ ያሳድድ የነበረው ገንዘብ ሳይሆን የእኅቱ ደም መሆኑ ይታወቅና የወንበዴዎቹን ራስ ዋጋ ሙሉውን ለባልንጀራው ትቶለት ፈረሱን ነድቶ ይሄዳል። ፊቱ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲፈርድበት የኖረ ሰው፣ አዘጋጁ ያንኑ ፍርድ መልሶ ተመልካቹን ሲያታልልበት ማየት ለእኛ ከሁሉም ሥራዎቹ ይበልጥብናል።

እርስዎ የሚያስታውሱት ገዳይ ግን በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1966፣ በ«ደጉ፣ ክፉውና አስቀያሚው» ውስጥ ያለው ሳይሆን አይቀርም። «ክፉው» እሱ ነው። ፊልሙ ከተጀመረ ከ10 ደቂቃ በላይ ማንም ቃል አይናገርም። ቫን ክሊፍ ወደ አንድ ገበሬ ቤት ይገባል፤ ሳይጋበዝ ገበታ ላይ ይቀመጣል፤ ከወጡ እየጨለፈ ይበላል፤ ባለቤቱን እያየ ቀስ ብሎ ያላምጣል። ያ ሰው ሊገድለው እንደመጣ ባለቤቱም ተመልካቹም ያወቁት ገና ሳይናገር ነው። እኛ አገር ሰው በሰው ማዕድ ላይ እጁን ሰድዶ እየበላ ባለቤቱን ለመግደል ማሰብ ከግድያው የባሰ ነውር ስለሆነ፣ ይህ ትዕይንት ከአሜሪካዊው ተመልካች ይልቅ ለእኛ ሳይከብድ አይቀርም። በአገራችን ድራማዎች ክፉ ሰው ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ያስተውሉ፤ ዓይኑን ያፈጣል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ብቻውን ይስቃል፣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ለግድግዳው ይነግረዋል። ቫን ክሊፍ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያደርግም። ክፋቱ ሥራ እንደሚሠራ ሰው ክፋት ነው፤ ተከፍሎታል፣ ይጨርሳል። ቀድሞ ደብተር ይደምር የነበረው የሒሳብ ሠራተኛ ያ ነው እንዴ ያሰኛል።

የዚህ ፊልም ወዳጆች እስከ የት እንደሚሄዱ ለማሳየት አንድ ነገር እንጨምር። የመጨረሻው ተኩስ የሚካሄድበትን ሰፊ የመቃብር ስፍራ የስፔን ወታደሮች በቡርጎስ አቅራቢያ ለፊልሙ ብለው የሠሩት ሲሆን፣ ወደ 5,000 የሚጠጉ የሐሰት መቃብሮች ነበሩበት። ቀረጻው ካለቀ በኋላ አፈርና ሣር ውጦት ኖሮ በ2015 የፊልሙ ወዳጆች አካፋና ዶማ ይዘው በራሳቸው ጊዜ መቆፈር ጀመሩ፤ መሐል ላይ ያለውን ክብ የድንጋይ ንጣፍ አገኙት፤ መቃብሮቹንም መልሰው ሠሩ። ማንም ያልተቀበረበትን መቃብር የሚያድስ ሰው ምን ዓይነት ተመልካች እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ቫን ክሊፍ በጣሊያን ከነጭራሹ መሪ ተዋናይ ሆነ፤ በ1969 የወጣው «ሳባታ» የታወቀ ሲሆን፣ ከቀሩት መካከል ጥሩም ደካማም አለ። በ1981 የጆን ካርፔንተር «ከኒው ዮርክ ማምለጥ» በተባለው ፊልም የፖሊስ አለቃ ሆኖ ታየ፤ ይህም በበኩሉ የራሱ አፍቃሪ ተመልካች ያለው ሥራ ነው። በ1984 ደግሞ ለቴሌቪዥን የኒንጃ መምህር ሆኖ ተጫወተ፤ ይህን ግን ለልጅ ልጅዎ ባይፈልጉለት ይሻላል። ዲሴምበር 16 ቀን 1989 በካሊፎርኒያ ኦክስናርድ ከተማ በልብ ሕመም ሲያርፍ ዕድሜው 64 ነበር። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ከስሙ ሥር «ከክፉዎች ሁሉ ምርጡ» የሚል ቃል ተጽፎበታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ ከአባይ ማዶ የምጽፍልዎት የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ዕቃ እጠግናለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ከአንድ የአማተር ተዋንያን ቡድን ጋር እጫወታለሁ። እስካሁን በአምስት ሥራዎች ላይ ተሳትፌ አምስቱም ላይ ክፉ ሰው ነኝ፤ አራጣ አበዳሪ፣ ጠላፊ፣ የእንጀራ አባት፣ ደላላ፣ እንደገና አራጣ አበዳሪ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ድንች ልገዛ ስጠይቅ ሻጯ ትክ ብላ አየችኝና «ያቺን ምስኪን ከቤቷ ያስወጣሃት አንተ አይደለህ? ሂድ ወዲያ!» ብላ አባረረችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እናቴ ግን ስትሰማ አላሳቃትም። ጎረቤት በቡና ላይ ልጇን «አራጣው» እያለ ይጠራባታል። መሪ ተዋናይ ልሁን ብዬ ብጠይቅ አዘጋጃችን «ፊትህ ለዚያ አይሆንም» አለኝ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ለዚያች ድንች ሻጭ ምስጋና ይገባታል፤ እስካሁን ስለ ሥራህ ከተሰጡት ሂሶች መካከል የእሷን ያህል ቀና የሆነ ያለ አይመስለንም።

ለመምህሩ የሰጠነውን መልስ አንብበህ «እኔም እንደ ቫን ክሊፍ ዐሥራ ሦስት ዓመት ልጠብቅ» ብለህ እንዳትነሣ እንፈራለን። እሱን ያነሣው ዕድል ነው። ሊ ማርቪን ሌላ ፊልም ባይዝ ኖሮ ዛሬ ስለ ቫን ክሊፍ የሚጠይቀን ሰው አይኖርም ነበር። ስለዚህ ለአንተ ከእሱ ይልቅ አንድ የሕንድ ተዋናይ ብናነሣልህ ይሻላል፤ አምሪሽ ፑሪን። እናትህ የሕንድ ፊልም የሚያዩ ከሆነ ስሙን ባያውቁት ድምፁንና ዓይኑን ያውቁታል። ፑሪ በወጣትነቱ መሪ ተዋናይ ልሁን ብሎ ለፊልም ሲፈተን ፊትህ አይሆንም ተብሎ ወድቋል፤ አዘጋጅህ ያለህን ቃል ከአንተ በፊት ሰምቶታል ማለት ነው። እሱም በመንግሥት የሠራተኞች መድን ድርጅት ተቀጥሮ ከ20 ዓመት በላይ ቢሮ እየገባ ማታ ማታ ቲያትር ሠራ። በክፉ ሰውነት ስሙ የገነነው ዕድሜው ሃምሳ ሊደፍን ሲል ነው። በ1984 በአሜሪካኖቹ «ኢንዲያና ጆንስ» ፊልም ራሱን ተላጭቶ የሰውን ልብ በእጁ የሚያወጣ ካህነ ጣዖት ሆነ፤ በ1987 ደግሞ በ«ሚስተር ኢንዲያ» ሞጋምቦ ሆኖ ሕንድን በሙሉ በአንዲት ዐረፍተ ነገር አስያዘ፤ «ሞጋምቦ ደስ አለው» የምትለውን ቃል በዚያ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃታል። የመድን ቢሮው ደመወዝ ባይኖር ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት መድረክ ላይ መቆየት ባልቻለም ነበር። አንተም መጠገኛህን አትልቀቅ።

የእናትህ ነገር ከባድ መሆኑን እናምናለን። ፕራን የተባለው ሌላው የሕንድ ተዋናይ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ክፉ ሰው ሆኖ በመጫወት ስለታወቀ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ፕራን ብለው መሰየም ትተው ነበር ተብሎ በሕንድ በሰፊው ይነገራል፤ በሳንስክሪት ቃሉ ሕይወት፣ እስትንፋስ ማለት ሆኖ ሳለ። በ1967 «ኡፕካር» በተባለ ፊልም ውስጥ ደግ ልብ ያለው አካል ጉዳተኛ ሰው ሆኖ ከተጫወተ በኋላ ተመልካች ሌላውን ፊቱን አየ፤ በ2013 በሕንድ ፊልም ከፍተኛ የሆነውን የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት ሲቀበል ዕድሜው 93 ነበር። ስሙን እስኪያድስ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቶበታል፤ ይህን የምንነግርህ ሊያጽናናህ ስለሚችል ብቻ ሳይሆን ርዝመቱንም እንድታውቀው ነው። በሌላ በኩል አምጃድ ካን በ1975 በ«ሾሌይ» ጋባር ሲንግ የተባለውን ጨካኝ ሽፍታ ሆኖ ከተጫወተ በኋላ ለአንድ የብስኩት ፋብሪካ በዚያው በሽፍታው ልብስ ለሕፃናት ብስኩት አስተዋውቋል። ሚናውን ያገኘውም አስቀድሞ የታሰበው ዳኒ ዴንዞንግፓ አፍጋኒስታን ውስጥ ቀረጻ ላይ ስለነበር ነው። ሰው አንዱን ክፉ ሲሸሸው ሌላውን ብስኩት የሚገዛበትን ምክንያት ብንረዳው በተናገርን፤ ከቀልድ መኖር አለመኖር ጋር የሚያያዝ ይመስለናል። ጋባር ያስፈራል፣ ያስቃልም።

አሁን ወደ ሥራህ እንምጣ። ሁለት ጊዜ አራጣ አበዳሪ ሆነሃል፤ ለመሆኑ ሁለቱ አራጣ አበዳሪዎች በምን ይለያያሉ? አንዱ ገንዘቡን ከየት አመጣው? ብር ሲቆጥር በምራቁ ነው ወይስ ጠረጴዛ ላይ እየደረደረ? ሴትየዋን ከቤት ሲያስወጣ ያፍራል? ድርሰቱ ይህን ካልነገረህ ደራሲውን ጠይቀው፤ ደራሲውም ካላወቀው አንተ ወስን፤ ለተመልካች አትንገረው፣ አንተ ብቻ እወቀው። አምስቱንም ሰዎች በአንድ ድምፅና በአንድ ቅንድብ ተጫውተሃቸው ከሆነ ሰው «አራጣው» ቢልህ አይፈረድበትም። ደግሞም የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የኦቴሎ ትርጉም ፈልገህ አንብብ። ርእሱ ኦቴሎ ይሁን እንጂ በሼክስፒር ድርሰት ከሁሉ ይበልጥ የሚናገረው ያጎ ነው፤ በመድረክ ላይ ያሉት ሁሉ ደግሞ እርስ በርሳቸው ታማኙ ያጎ እያሉ ይጠሩታል። ያጎን እንደ ቦስ ዓይኑን አፍጥጦ የሚጫወት ተዋናይ ጨዋታውን ገና ከመጀመሪያው ገቢር ያበላሸዋል፤ ማን ያምነዋል? አንድ ቀን ሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ ያጎን ብትጫወት እኛም መጥተን እናይሃለን።

ለመተው ለመቀጠል ለጠየቅኸው፣ እኛ ቀጥል እንላለን፤ ሦስተኛው አራጣ አበዳሪ ሲመጣልህ ግን በል እንቢ በል። ስለ ጎረቤትም እናትህን በአንዱ ሥራችሁ ላይ ይዘሃቸው ሂድ፤ ከትርኢቱ በኋላ ተዋንያኑ ሁሉ ወጥተው እጅ ሲነሡ ያቺ ከቤቷ ያስወጣሃት ልጅ እጅህን ይዛ ስትስቅ ይዩአት። ስለ ቫን ክሊፍም አንድ ነገር ንገራቸው፤ በ1966ቱ ፊልም ውስጥ ሴት በጥፊ የሚመታበት ትዕይንት ሲደርስ፣ ትወናም ቢሆን ይህስ አይሆንልኝም ብሎ እምቢ እንዳለና በእሱ ምትክ ሌላ ሰው እንደቀረበ ይነገራል።

ጥያቄ፦ በዘጌ ባሕረ ገብ ምድር አስጎብኚ ነኝ። በገዳማቱ ሥዕሎች ደጋጎቹ ሙሉ ፊታቸው በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ ግን በጎን በአንድ ዓይን ብቻ እንደሚሣሉ ለእንግዶች ዘወትር እነግራለሁ። አንድ እንግዳ «ፊልም ሠሪዎችስ እንዲህ ያደርጋሉ?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ እኅታችን፣ የሠዓሊዎቻችን ሥርዐት ምክንያት አለው፤ የክፉው ዓይን የምእመኑን ዓይን እንዳያገኝ ነው ይባላል። ሊዮኔ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። በመጨረሻው የሦስትዮሽ ተኩስ ላይ ካሜራው ወደ ቫን ክሊፍ እየቀረበ፣ እየቀረበ ይሄድና ሁለት ዓይኖቹ ብቻ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ይሞሉታል። ተመልካቹ ፊቱን የሚያዞርበት ቦታ የለውም። እንዲያውም ልብ ብለሽ ካየሽ በዚያች ቅጽበት የሚፈራው እሱ ነው፤ ዓይኖቹ ከአንዱ ባላጋራ ወደ ሌላው ይሮጣሉ። ክፉ ሰው ሲፈራ ለማየት ሁለቱንም ዓይኖቹን ማየት የግድ ነው፤ ከጎን ቢሣል ኖሮ ይህ ባልታየ ነበር።

ለእንግዳሽ ሌላ የምትጨምሪለት ነገር ደግሞ እዚያው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ አለልሽ፤ በላዔ ሰብእ። 78 ነፍስ የበላ፣ ሚስቱንና ልጆቹን እንኳ ያልማረ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ጥም ያቃጠለው ድኻ ጥቂት ውኃ በመስጠቱ በሚዛን ላይ ሲዳኝ ያቺ ውኃ መዝና መገኘቷ በተአምረ ማርያም ይነገራል። ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ ያደገ ተመልካች ኮሎኔል ሞርቲመር መጨረሻ ላይ ገንዘቡን ትቶ ሲሄድ ከማንም ይበልጥ ሊገባው ይገባል ብለን እናስባለን።

ጥያቄ፦ በ1966ቱ ፊልም ፍጻሜ ላይ የክፉው ሰው ቀኝ እጅ ወደ ሽጉጡ ሲጠጋ ከጣቶቹ አንዱ ጫፉ የተቆረጠ ይመስላል። የፊልም ዘዴ ነው ወይስ በጠብ ያጣው ነው? ከግሽ አባይ።

መልስ፦ የፊልም ዘዴ አይደለም። የቀኝ እጁ የመሐል ጣት ጫፍ በእውነትም የለም፤ የቆረጠውም ለሴት ልጁ መጫወቻ የሚሆን ትንሽ የእንጨት ቤት ሲሠራላት ነው።